የቤት ጃርት አስተጣጠብ፦ እግሯን፣ ገላዋን፣ ውሃ የምትፈራውንም

«ልጄ ጃርት ግዙልኝ ብሎ አላስቀምጥ ሲለን ገዛንለት። አሁን ክፍሉ መሽተት ጀመረ፤ እንጠባት? በምን ሳሙና? ስንይዛት አትወጋንም?» ይህ ጥያቄ ቃሉ ትንሽ እየተለዋወጠ ሳያቋርጥ ይመጣልኛል፤ የሚጠይቁኝም ባብዛኛው አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች ናቸው። ለአንዱ የመለስኩትን ለሌላው ከምደግም፣ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

የማወራው በመዳፍ ስለምትያዘዋ ትንሿ የአፍሪካ ጃርት ነው። ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ግራም ነው። አገር ቤት ማሳ የሚያወድመው፣ እሾሁ የረዘመው ትልቁ ጃርት ሌላ እንስሳ ነው፤ እሱን ለማጠብ የሞከረ ሰው ካለ ከኔ ምክር አይጠብቅ።

መጀመሪያ፦ መታጠብ አለባት ወይ?

ጃርት ቀን ተኝታ ሌሊት ዊሏ ላይ፣ ማለትም ጎጆዋ ውስጥ በሚሽከረከረው የመሮጫ ጎማ ላይ፣ ትሮጣለች። እየሮጠች እዚያው ትጸዳዳለች፣ ያንኑ መልሳ ትረግጠዋለች። ጠዋት እግሯ ላይ ደርቆ የምታገኙት ቡናማ ነገር እሱ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚታጠበው እግሯ እንጂ ገላዋ አይደለም። እግሯን በሳምንት አንዴ፣ ወይም በቆሸሸ ጊዜ ማጠብ ይቻላል። ሙሉ ገላዋን ግን በወር አንዴ ይበቃታል፤ ንጹሕ ከሆነች ከዚያም ቢዘገይ ምንም አይደል። ቆዳዋ ደረቅ ነው፤ ውሃና ሳሙና ሲበዛበት ያለችውን ጥቂት ቅባት ያጣና ይፈረፈራል፣ ያሳክካታል።

«ሸተተች» የምትሉ ደግሞ በቅድሚያ ዊሉን አሽትቱት። ዊሉ በየቀኑ፣ ምንጣፏ በየሳምንቱ የሚታጠብበት ቤት ውስጥ ሽታው ባብዛኛው ይጠፋል፤ ጃርቷን መንካት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

እነዚህ ካሉ ገላዋን አታጥቧት፦

- ወደ ቤታችሁ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንት ካልሞላት። ሽታችሁን ሳትለምድ ውሃ ውስጥ ከገባች እጃችሁንና ፍርሃቱን አንድ ላይ ትይዘዋለች።
- ዕድሜዋ ከሁለት ወር በታች ከሆነ። ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።
- ካረገዘች ወይም ከምታጠባ። የተረበሸች እናት ጃርት ልጆቿን ልትጥል፣ ልትበላም ትችላለች።
- ምግብ ከተወች፣ ከደከመች፣ ስትሄድ ከተንገዳገደች ወይም ቁስል ካላት። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ለጃርቷ ብቻ የተለየ። የወጥ ቤት ሲንክ አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።
- ሳፋው ወለል ላይ የሚነጠፍ ትንሽ ጨርቅ። ጃርት ውሃ ውስጥ የምትደናገጠው ብዙ ጊዜ በውሃው ሳይሆን እግሯ ሲያንሸራትታት ነው።
- ለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ።
- የሕፃን መታጠቢያ ቴርሞሜትር። ከሌለ በእጃችሁ አንጓ የውስጥ በኩል ለኩት፤ ማቃጠልም መቀዝቀዝም ካልተሰማችሁ ልክ ነው።
- ትንሽ ኩባያ።
- አንድ እፍኝ አጃ እና አንድ ንጹሕ ካልሲ። በዚህ ፈንታ ሽቶ የሌለው፣ ከአጃ የተሠራ የሕፃን ሻምፑም ይሆናል።
- ሦስት የፍሊስ ጨርቆች (ፍሊስ ማለት ክሩ የማይመዘዝ ለስላሳ ጨርቅ ነው)። ክሩ ቀለበት ቀለበት የሆነ ፎጣ፣ ጋቢ ወይም ዘርፉ የተንጠለጠለ ነጠላ አትጠቀሙ፤ ጥፍሯ ይያዝበታል፣ ስትጎትተውም ትጎዳለች።
- የምትወደው መክሰስ፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስት ሚልዎርም (ለቤት እንስሳት መክሰስነት የሚሸጥ ትንሽ ትል)።

የሰው ሻምፑ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ቲ ትሪ ዘይትና ሌላ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ዘይት አጠገቧ አይድረስ። የውሻና የድመት የቁንጫ ሻምፑም ሐኪም ካላዘዘ ክልክል ነው፤ መጠኑና መድኃኒቱ ለእሷ ገላ የተሠራ አይደለም።

ከውሃ ጋር ማለማመድ

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ወደ ሳፋው ይሄዳል፤ ከዚያ «ጃርታችን ውሃ ትጠላለች» ብሎ ይጽፍልኛል። ማለማመዱ ጥቂት ምሽቶች ይወስዳል፤ ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው የምታልፉት እሾኋ ተኝቶ፣ አፍንጫዋ እየሠራ ስትራመድ ስታዩ ብቻ ነው። ከተጠቀለለች ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመለሱ።

1. ሽታችሁን አስለምዷት። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ማን እንደያዛት የምታውቀው በአፍንጫዋና በጆሮዋ ነው። የለበሳችሁትን ያልታጠበ ቲሸርት መኝታዋ ውስጥ ክተቱላት። በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት። በነዚህ ቀናት የእጅ ሳሙናችሁን ወይም ሎሽናችሁን አትቀይሩ፤ ለእሷ አዲስ ሽታ ማለት አዲስ ሰው ማለት ነው።

2. ባዶውን ሳፋ አሳዩዋት። ጨርቁን አንጥፉ፣ ሚልዎርሙን መሃል ላይ አስቀምጡ፣ ጃርቷን አስገቡ። ትዙር፣ ታሽት፣ ትብላ። በዚህ ምሽት ውሃ የለም።

3. ጨርቁን አርጥቡት። ለብ ባለ ውሃ አርሳችሁ ጨምቃችሁ አንጥፉት። እግሯ እርጥበትን የሚያውቀው እዚህ ነው። አንዳንዷ እግሯን እያራገፈች ትቆማለች፤ ጥቂት ከጠበቃችኋት ብዙ ጊዜ ትቀጥላለች።

4. ጥፍሯን ብቻ የሚነካ ውሃ። አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ይሁን። ገብታ፣ በልታ፣ ሳትታሽ ትውጣ።

ስትፈራ ምልክቷ ግልጽ ነው። በግንባሯ ላይ ያለው እሾህ ወደ ፊት ወርዶ ዓይኗን ይሸፍናል፤ ከዚያ በአፍንጫዋ ፉ፣ ፉ ትላለች፤ ሲብስባት ቱፍ ብላ ወደ ላይ ትነጥራለች፤ በመጨረሻ ትጠቀለላለች። ግንባሯ ላይ ስታዩት እጃችሁን ባለበት አቁሙ። አትንኳት፣ አታባብሏትም፤ ድምፅም ይረብሻታል። እሾኋ ሲተኛ ቀጥሉ። የተጠቀለለችን ጃርት በጣት ለመዘርጋት መሞከር ግን ልፋት ብቻ ነው፤ የምትጠቀለልበት ጡንቻ መላ ጀርባዋን የከበበ ስለሆነ አትችሏትም፣ ከዚያም በላይ ለሚቀጥለው ጊዜ ትይዝባችኋለች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት ካያችሁት ያስደነግጣችኋል። አዲስ ሽታ ሲያጋጥማት፣ ሻምፑውም አጃውም ሊሆን ይችላል፣ ትልሰዋለች፣ ታኝከዋለች፤ ከዚያ አፏ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። አንገቷን እስኪጠመዘዝ አዙራ ያንን አረፋ በምላሷ ጀርባዋ ላይ ትለቀልቀዋለች። የእብድ ውሻ በሽታ የያዛት የመሰላቸው ሌሊት ደውለውልኛል። በሽታ አይደለም፤ የጤነኛ ጃርት ተፈጥሮ ነው። እስክትጨርስ ጠብቋት።

አጠባው ደረጃ በደረጃ

1. ሰዓቱን ምረጡ። ምሽት ላይ፣ ራሷ ከነቃች በኋላ፣ ምግቧን ከመብላቷ በፊት ይሁን። ቀን ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ካስገባችኋት ገና ከጅምሩ ተቆጥታለች።

2. ክፍሉን አሙቁ። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋረንሃይት ከ75 እስከ 80 ይሁን። ኤሲና ቬንትሌተር ይጥፋ፣ መስኮት ይዘጋ። ከሁሉም ደረጃ ይህን አትዝለሉ። እርጥብ ጃርት ከበረዳት ሰውነቷ ወደ ክረምት እንቅልፍ (አንዳንድ እንስሳት ብርዱን ተኝተው ወደሚያሳልፉበት ረጅም እንቅልፍ) ሊገባ ይሞክራል፤ ሰውነቷ ለዚያ የተዘጋጀ ስላልሆነ ሊገድላት ይችላል። ሦስቱን ጨርቆች ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ወይም ሂተር አጠገብ አሙቋቸው።

3. ውሃውን እሷ ሳትመጣ ቅዱ። ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋረንሃይት ከ95 እስከ 100 መሆን አለበት። ጥልቀቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ነው፤ እግሯን ይሸፍን፣ ሆዷን ቢነካ ነው። የቧንቧ ጩኸት ያስፈራታልና እሷ ባለችበት ቧንቧ አትክፈቱ። ለማለቅለቂያ የሚሆን፣ ሙቀቱ ተመሳሳይ የሆነ ውሃ በሌላ ዕቃ አስቀምጡ።

4. በሁለት እጅ ከሥር ደግፋችሁ አስገቧት። ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሷ አሞራ ነው። መዳፋችሁን ከጎኗ በኩል ከሆዷ ሥር አስገቡ፤ እዚያ ያለው ፀጉር እንጂ እሾህ አይደለም። ሳፋው ውስጥ በእግሮቿ እስክትቆም እጃችሁን አታንሱ።

5. ትራመድ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ስትል ደርቆ የተጣበቀው ይለሰልሳል። እዚያው ትጸዳዳለች፤ ሁሉም ያደርጉታል፣ ሙቅ ውሃ ሆድ ያላላል። ስለዚህ ይህን የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት። ድፉ ያልኩት እሷን በሞቀ ጨርቅ ላይ ካሳረፋችሁ በኋላ ነው። ሳፋውን አለቅልቁና አዲስ ውሃ ጨምሩ። የእግር እጥበት ብቻ ከሆነ ያሰባችሁት፣ ጣቶቿን በብሩሹ ቀስ አድርጋችሁ ፈትጋችሁ በቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 9 እለፉ።

6. አጃውን ጭመቁ። አጃውን ካልሲ ውስጥ አስሩና ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። ውሃው ወተት ይመስላል፤ ጣታችሁ ላይ ሙልጭ የሚለው እሱ ነው ቆዳዋን የሚያረጥበው። ሻምፑ የምትጠቀሙ አንድ ጠብታ በአንድ ኩባያ ውሃ አቅጥኑት እንጂ በቀጥታ ጀርባዋ ላይ አታፍሱ፤ እሾህ መሃል የገባ ሳሙና ታጥቦ አያልቅም።

7. ጀርባዋን። በኩባያ ከትከሻዋ ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ አፍሱ። ጭንቅላቷ አይርጠብ፤ በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ውሃ መግባት የለበትም። በብሩሹ ከአንገት ወደ ጭራ፣ እሾሁ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ታሟታላችሁ፣ እናንተም ትወጋላችሁ። ጥቂት እሾህ ቢነቀል አትደንግጡ፤ በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ የልጅነት እሾኋ እየወደቀ በአዲስ ይተካል፤ በነዚህ ቀናት ቆዳዋ ስለሚያማት ብሩሹን ትታችሁ ውሃ ብቻ አፍሱ። ፊቷ ከቆሸሸ በረጠበ ጨርቅ ጫፍ ዳበስ ማድረግ ይበቃል።

8. ሆዷን። አትገልብጧት። አንድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር አድርጋችሁ የፊት እግሯን ትንሽ አንሱና በሌላው እጃችሁ ውሃ እየጨለፋችሁ እጠቡ። ወንድ ከሆነ በብልቱ ዙሪያ የተጣበቀ ጉድፍ ወይም የደረቀ ነገር መኖሩን ተመልከቱ፤ በውሃ አለስልሱት እንጂ አትቆንጥሩት። አሁኑኑ የአራቱንም እግር ጣቶች አንድ በአንድ አገላብጣችሁ እዩ። የሰው ፀጉር ወይም ክር በጣቷ ወይም በእግሯ ተጠምጥሞ ደም እንዳይሄድ ያደርጋል፤ ሳይታይ ከሰነበተ እግሯን ያሳጣታል። ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ባለበት ቤት ይህ ያጋጥማል።

9. አለቅልቁ። ያስቀመጣችሁትን ንጹሕ ውሃ በኩባያ፣ እሾሁ መሃል የቀረ አረፋ እስኪያልቅ አፍሱ። ከመግባት እስከ መውጣት ከአሥር ደቂቃ አይለፍ፤ ውሃው በዚህ መሃል እየቀዘቀዘ ነው።

10. አድርቁ። በመጀመሪያው ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ደረታችሁ አስጠጓት። አትሹ፤ ተጫን ተጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አስመጥጡ። ጨርቁ ሲርስ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ቀይሩ። ጀርባዋ የደረቀ ይመስላል፤ ሆዷ ላይ ያለው ፀጉር ግን ውሃ ይይዛልና እጃችሁን ሰዳችሁ ፈትሹት።

11. ጥፍሯን አሁን ቁረጡ። በውሃ ለስልሷል፣ እሷም ተረጋግታለች። ከጥፍሩ ጫፍ ላይ ነጩን ብቻ ቁረጡ፤ ውስጡ ሮዝ የሆነው ደም ያለበት ነው። ከደማ ኮርንስታርች (የበቆሎ ስታርች) ነካ አድርጋችሁ ጥቂት ያዙት። አራቱን እግር በአንድ ምሽት መጨረስ ግዴታ አይደለም።

12. ሙሉ በሙሉ ሳትደርቅ ወደ ጎጆዋ አትመልሷት። ጭናችሁ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ካስፈለገም አንድ ሰዓት ትቆይ። መክሰሷን አሁን ስጧት፤ ከውሃው በኋላ የሚመጣው ነገር ጥሩ እንደሆነ ታስታውሳለች።

አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ፦ ከታጠበች በኋላ ከቀዘቀዘች

ሆዷ ሲነካ ከቀዘቀዘ፣ ስትሄድ ከወላገደች፣ ወይም ተጠቅልላ ስትነኳት ፉ የማትል ከሆነ ጊዜ አታጥፉ። ልብሳችሁን ከፍታችሁ ገላችሁ ላይ አስጠጓት፣ በላይዋ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ክፍሉን አሙቁ። ሙቅ ውሃ ውስጥ መልሶ መክተት ወይም በሂተር ፊት ማስቀመጥ አይገባም፤ ድንገተኛ ሙቀት ልቧን ያስጨንቀዋል። ስትነቃ ደህና ብትመስልም ለሐኪም ደውሉ።

አዘውትሬ የማያቸው ስህተቶች

በጀርባ ማንሳፈፍ። ቲክቶክ ላይ ጃርት በጀርባዋ ውሃ ላይ ተንሳፋ «ዘና ስትል» የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ዘና ማለት አይደለም፤ የምትጨብጠው መሬት ስለሌላት እግሯን ዘርግታ ደርቃ መቅረቷ ነው። ጃርት መዋኘት ትችላለች፤ ግን ቶሎ ትደክማለች፣ ከደከመች ትሰምጣለች። በአፍንጫዋ የገባ ውሃም ወደ ሳንባዋ ከወረደ የሳንባ ምች ያመጣባታል። ልጆች «እንዲዋኝ እንፍቀድለት» ሲሉ መልሳችሁ አይሆንም ይሁን፤ ስልክ ሲጮኽም ሳፋው አጠገብ ጥላችኋት አትነሡ።

የፀጉር ማድረቂያ። ጩኸቱ ያሸብራታል፣ ትኩሱም ቆዳዋን ያቃጥላል። ደረቅ ጨርቅ ሞልቶላችሁ ለምን?

ዘይት መቀባት። ቆዳዋ ደርቋል ብሎ የወይራ ዘይት ወይም ቅባት ጀርባዋን ሙሉ ማልበስ ቆሻሻ ከመሰብሰብ በቀር አይረዳትም። የአጃው ውሃ ካልበቃ ችግሩ ድርቀት ላይሆን ይችላል።

ወደ ዋናው ስህተት አመጣኝ፦ ስላከከች ደጋግሞ ማጠብ። እሾኋ ከረገፈና ቦታው ራቁቱን ከቀረ፣ በእሾሁ ሥር ነጭ ወይም ቢጫ ቅርፊት ካለ፣ ጆሮዋ ጫፉ ከተሸራረፈ፣ ቀንም ሌሊትም የምታክ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ዓይን የማያያቸው ቅማል መሰል ተባዮች ወይም ፈንገስ ነው። ሁለቱም በውሃ አይለቁም፤ በእጥበት ብዛትም ይብሳሉ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ጃርት አያይም፤ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «ኤግዞቲክ» የሚባሉትን፣ ከውሻና ከድመት ውጪ ያሉ ያልተለመዱ የቤት እንስሳትን ታክማላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሳትታመም በፊት ይህን ስልክ ማግኘት ይሻላል።

ከእሷ በኋላ እናንተ

ጤነኛ የምትመስል ጃርት ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰው ላይ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ በሰገራዋ ልታወጣ ትችላለች። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በ2019 እና በ2020 ከቤት ጃርት ጋር የተያያዙ የሳልሞኔላ ወረርሽኞችን መርምሯል። ሲንክ አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታና ዕቃ ከእሷ ውሃ ጋር አይገናኝ። የታጠበችበትን ውሃ ሽንት ቤት ድፉት። ሳፋውን፣ ብሩሹንና ኩባያውን በሳሙና አጥባችሁ በረኪና ባለበት ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ጨርቆቹን ከሌላ ልብስ ጋር ሳትቀላቅሉ በሙቅ ውሃ እጠቡ።

እጃችሁን በሳሙና እስከ ክርናችሁ ታጠቡ፤ ልጆቹም እናንተ እያያችኋቸው ይታጠቡ። ጃርቷን መሳም ይቅር። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አያት አጠባው ላይ ባይሳተፉ ይሻላል። ጃርት በነካ ቆዳችሁ ላይ የሚያሳክክ ክብ ሽፍታ ከወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሐኪማችሁ ጃርት እንዳላችሁ ሳትደብቁ ንገሩት።

ሳፋው ላይ ደግሞ በማርከር በትልቁ «የጃርት» ብላችሁ ጻፉበት። እንግዳ የበዛ ቀን፣ አንዷ አክስት ሰላጣ ልታጥብበት ታነሣዋለች።